ዋጋውን ማን ከፈለ?

ሐምሌ 22 በመጣ ቁጥር የአቡነ ጴጥሮስ ስም ይነሣል። የሰላሌ ሰው ናቸውና ታሪካቸው ከፍቼ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ ያበቃል። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ደብረ ወርቅ ለሚደርስ ሰው ግን ይኸው ታሪክ ሌላ ወገን አለው። ቅዱስ ሉቃስ እንደሣላት በትውፊት የሚነገርላት ሥዕለ ማርያም ያለችበት ይህ ጥንታዊ ደብር በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎጃም ጳጳስ በነበሩት በአቡነ አብርሃም ሥር ነበር።

ሁለቱ አባቶች በአንድ ቀን የተሾሙ ጳጳሳት ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ሄደው ተሾሙ፤ አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤልና ይስሐቅ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲዘምቱ ከደብረ ሊባኖስ አብረዋቸው ወጡ። ጥቃቱ ከሸፈ፣ እርሳቸውም ተያዙ። ፍርዱን ያየው የጣሊያን ጋዜጠኛ ፖጃሊ ሁኔታውን ጽፎ አቆይቶልናል። ዳኛው፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ከገበሩ እርስዎ ለምን ያምፃሉ ብሎ ጠየቃቸው። የመልሳቸው ፍሬ ነገር፣ አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ ናቸው፣ እኔ ግን ስለ አገሬና ስለ ቤተ ክርስቲያኔ ተጠያቂ ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ነበር። ቢገብሩ ነፍሳቸውም መንበራቸውም ይተርፍ ነበር። እንቢ አሉና ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ ተገደሉ።

አቡነ አብርሃም ግን ገበሩ። በኅዳር 1930 ዓ.ም. ጣሊያን ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን መንበር ከእስክንድርያ ነጥሎ ላቋቋመው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። የእስክንድርያ ሲኖዶስ አወገዛቸው፤ በ1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ሹመት ወደዱ፣ ጠላትን ባረኩ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዘመኑን ተመልከቱ ይላል። ከሹመታቸው ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፍጭፈዋል። የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳት ማስገደሉን ነው፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ያረጁና ዐይናቸው የደከመ አባት ይህን ሰምተው፣ ቅዳሴው እንዳይታጎል፣ ካህናቱ እንዳያልቁ፣ ውርደቱን እኔ ልሸከመው ብለው ይሆናል የሚሉ አሉ። ይህ ሙግት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ለመንጋው ሲል ስሙን የሚያጠፋ እረኛም እረኛ ነው።

ታዲያ ጎጃም ከዚያ በኋላ ምን አገኘ? በ1930 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዐመፁን ለማጥፋት በብዛት ዘመተበት። አርበኛውን በላይ ዘለቀን የተከተለው የቢቸና ገበሬ ዱር ውሎ ዱር ያድር ነበር። የጳጳሱ መገበር ለዚህ ገበሬ ጋሻ አልሆነውም፤ ይባስ ብሎ በገዛ ጳጳሱ ፊት ዐመፀኛ አሰኘው። የመገበሩ ዕዳ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። የአቡነ ጴጥሮስን ዕዳ ግን ራሳቸው አቡነ ጴጥሮስ ከፈሉት። ለእኔ ሁለቱን የሚለያቸው ይህ ነው።

ወረራው ሲያበቃ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የጎጃም መዲና ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆመላቸው፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ።

ለማኅበረሰብ ብሎ ምቾትን መተው የጳጳሳት ዕጣ ብቻ አይደለም። የገጠሩ ምእመን የሰንበቴ ተራው ሲደርስ ከልጆቹ እህል ቀንሶ ይደግሳል፤ የቆሎ ተማሪ ደጁ ቆሞ ስለ ማርያም ሲል ከሚበላው ቆርሶ አኩፋዳው ውስጥ ይጨምርለታል። ስለ ሕዝብ እናገራለሁ የሚል ሁሉ፣ ካህንም ይሁን ሹም፣ ከዚህ ምእመን ይማር፤ መስጠቱን ከራሱ ጎተራ ይጀምር።