ቀመርና ተውሳክ፤ የቍጥር ቃላት ከባሕረ ሐሳብ ወደ ተማሪ ቤት

በአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ቀመር የሚባል ቃል አለ። መምህሩ የአራት ማእዘን ስፋት በምን መንገድ እንደሚገኝ ባስተማረ ጊዜ ርዝመቱን በወርዱ አባዙ የሚለውን ደንብ ቀመር ይለዋል፤ ልጁም ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ ግን የሚነግረው የለም። ነገር ግን ይኸው ልጅ በደብር የባሕረ ሐሳብ መምህር ፊት ቢቀመጥ ቀመርን በሌላ ፍቺ ያገኘው ነበር፤ ይኸውም 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፥ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፥ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር መባሉ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ጨረቃ ማለት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ዞረው በአንድ የሚገናኙበት የዓመታት ክበብ በጨረቃ ስም ተጠራ፤ ኋላም የአዲሱ ትምህርት ሰዎች ደንብ የሚሉበት ቃል በፈለጉ ጊዜ ከዚሁ ወሰዱት።

የትምህርቱ ስም ራሱ ሁለት ልጆች ወልዷል። በግእዝ ሐሰበ ማለት ቈጠረ፥ አሰላ ማለት ነው፤ ሐሳብም ቍጥርና ስሌት ነው። በአማርኛ ግን ሐሳብ ወደ ልብ ምክር ዞረ፤ የቍጥሩ ነገር ከዐረብኛው ጋራ ተስማምቶ ሒሳብ በሚለው ቃል ቀረ። ስለዚህ ግእዝ ያልተማረ ሰው ባሕረ ሐሳብ የሚለውን መጽሐፍ ሲያይ ስለ አሳብ ጥልቅነት የተጻፈ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ዓመትን፥ ወርን፥ ጾምንና በዓልን የሚቈጥር መጽሐፍ ነው። ትውፊቱ የዚህን ሥርዐት መጀመር ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል፤ እርሱም ከ189 እስከ 231 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ በመንበሩ ተቀምጦ ነበር።

የቃላቱ ሥራ የሚታየው ስሌቱ ሲሠራ ነው። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ በምን ቀን እንደ ዋለ ለማወቅ የተነሣ ሰው አስቀድሞ 5500ን ከ2016 ጋራ ይደምራል፤ 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ19 ሲገድፈው 395 ጊዜ ገብቶ 11 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። ያለው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አንዱን ያነሣለታል፤ 10 ይቀራል፥ እርሱም ወንበር ይባላል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ስለሚያንስ ወንበሩ በ11 ይባዛል፤ 110 ይሆናል። ለ30 ቢገደፍ 20 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው፥ ስሙም ከጽርዕ የመጣ ነው። ደግሞ ወንበሩን በ19 ቢያበዙት 190 ይሆናል፤ ለ30 ሲገደፍ 10 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ይባላል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዐት ውስጥ መፈተሻው ከስሌቱ ጋራ አብሮ ይኖራል።

መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ የ2016 መጥቅዕ ጥቅምት 10 ሆነ፥ ዕለቱም ቅዳሜ ነበረ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 10ና 8 ተደምረው 18 ስለሆኑ ጾመ ነነዌ በየካቲት 18 ሰኞ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ በ18 ላይ ተጨምሮ 27 ይሆናል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 27 እሑድ ቀን ዋለ። ወሰከ በግእዝ ጨመረ ማለት ሲሆን ተውሳክም ጭማሪ ነው። የሰዋስው መምህራን ተውሳከ ግስ ያሉት ከግሱ ላይ የሚጨመረውን ቃል ነው፤ የጤና ሰዎች ደግሞ በሰው አካል ላይ ተጨምሮ የሚኖረውን ትንሽ ጠንቀኛ ፍጥረት ተውሳክ ብለውታል። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ቃል በሦስት ፍቺ ሊሰማ ይችላል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሚፈለገው የተረፈው ነው። 395 ጊዜ ገባ የሚለውን የሚጠይቅ የለም፤ ተገድፎ ይጣላል። በትምህርት ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። መልሱ ስንት ጊዜ እንደ ገባ ነው፥ እርሱም ድርሻ ይባላል፤ የተረፈው ቀሪ ተብሎ በኅዳግ ይጻፋል፤ ትንሹም ተማሪ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ከደብር ወደ ትምህርት ቤት የተሻገረ ዲያቆን ለ19 አካፍል ቢሉት ቀሪውን መልስ አድርጎ ቢያመጣ ሰነፍ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የተማረው መካፈል ሌላ ነበርና። ማካፈል ከፈለ ከሚለው ግስ፥ ማባዛት በዝኀ ከሚለው፥ መደመርም ደመረ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጡ ናቸው። ደመረ ቀላቀለ፥ አንድ አደረገ ማለት ስለሆነ በመስከረም 16 የሚቆመው እንጨት ደመራ የተባለው በዚሁ ሥር ነው።

የቍጥር ምልክቶቹ ነገር ሌላ መንገድ አለው። ፩ ከአልፋ፥ ፪ ከቤታ፥ ፫ ከጋማ፥ ፬ ከዴልታ የተወሰዱ የጽርዕ ፊደላት ናቸው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ጽሑፎች ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። የአልፋና የቤታ ተራ የአ በ ገ ደ ተራ ነው። በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን የተቀመጡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በዚሁ በአበገደ ተራ ነው፤ እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ መጽሐፉን ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አስተካክለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። እነዚህ ምልክቶች ለመመዝገብ እንጂ ለማስላት አልተመቹም። 7516 በግእዝ ፸፭፻፲፮ ተብሎ ይጻፋል፤ ቤት ለቤት አሰልፎ መደመር ግን አይቻልም፥ ባዶውን ቤት የሚጠብቅ ምልክት የለምና። ስለዚህ የደብሩ ተማሪ ስሌቱን በቃሉ ይዞ በልቡ ይሠራው ነበር። ዜሮ የመጣው ከውጭ ነው፤ አንዳንዶች አልቦ ይሉታል፥ ይህም በግእዝ የለም ማለት ነው። ዐረቦችም በበኩላቸው ባዶ በሚል ቃል ሲፍር ይሉታል፤ የአውሮፓው ዜሮ የወጣው ከዚሁ ነው።

ወደ ቅዱሳት መካናት የሚሄድ ተሳላሚ በአንድ ቃል ሊሰናከል ይችላል፥ እርሱም እልፍ ነው። በኢየሩሳሌም ገበያ ዐረቡ ነጋዴ አልፍ፥ አይሁዳዊው ኤሌፍ ሲል ሁለቱም 1,000 ማለታቸው ነው። በግእዝ ግን እልፍ 10,000 ነው፤ ምልክቱም ፼ ሁለት ምእት ተያይዘው የተጻፉበት ነው፥ መቶ ጊዜ መቶ ማለት ስለሆነ። ለ1,000 ግእዝ ራሱን የቻለ ቃል የለውም፤ ዐሠርቱ ምእት ይላል። እንግዲህ ሦስቱ ልሳናት ከአንድ ቤተ ሰብ ሆነው ሳሉ አንዱ ቃል በግእዝ ዐሥር እጥፍ አድጎ ተገኘ። ይህን ሳያውቅ ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የሚመልስ ሰው የሠራዊትን ወይም የዓመትን ቍጥር ዐሥር ጊዜ ሊያበዛው ይችላል። አማርኛ ሺህ በማለቱ ከዚህ ችግር ድኗል፤ እልፍንም ለማይቈጠር ብዛት ትቶታል።

ክፍልፋይን በተመለከተ ሕዝቡ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀው ነበር። ሲሶ፥ ሩብ፥ እኩሌታ፥ ዐሥራት የሚባሉት ቃላት ከአውድማና ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው። የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛው ለባለ መሬቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ሰፍሮ ይሰጥ ነበር፤ ሲሶና እኩሌታ መካከል ያለው ልዩነትም ለእርሱ የቤተ ሰቡ የክረምት እንጀራ ነበረ። ዛሬ መጻሕፍቱ አንድ ሦስተኛ ይላሉ። ቃሉ ግልጥ ነው፥ ደንቡም ለሰባተኛና ለዐሥራ ሦስተኛ ሁሉ ይሠራል፤ ሲሶን ከመጽሐፍ ማስወጣቱ ግን ጉዳት ነው። አርሶ አደሩ አባት ለልጁ ሊያስረዳው የሚችለው እርሱን ነበርና።

ዘመናዊው ትምህርት ከ1908፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ የምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ ሲሰጥ ኖረ፤ መምህራኑም በመጀመሪያ ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ በዚያው አቈጣጠር፥ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ነገር ስም ማግኘት ግድ ሆነ። ያን ጊዜና ከዚያም ወዲህ ሠሪዎቹ ወደ ግእዝ ሮጡ። ከክፍልፋይ መስመር በላይ ያለው ቍጥር ላዕል፥ ከታች ያለው ታሕት ተባለ፤ ይህ ደግ ሥራ ነው፥ ቃሉን የሰማ ቦታውን ያውቃልና። ለሁለት እኩል የሚከፈለው ተጋማሽ፥ የማይከፈለው ኢ-ተጋማሽ ሆነ፤ በዚህም የግእዙ አሉታ ኢ ከአማርኛ ቃል ጋራ ተጋጠመ፥ የሰዋስው ሰው ቢያጕረመርምም ልጆቹ ለምደውታል። ማእዘን ደግሞ ከሕንፃ የመጣ ነው፤ የማእዘን ራስ የሆነውን ድንጋይ ከመዝሙረ ዳዊት የሚያውቅ ሁሉ ሦስት ማእዘን ሲባል ሦስት የግንብ ጥግ ይታየዋል።

ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ተማሪው 7ኛ ክፍል ሲገባ የሒሳቡ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ላዕልና ታሕት ያለው ልጅ አዲስ ስሞችን ከሥር ይጀምራል፤ ድርሻንና ቀሪንም እንዲሁ። በዚያው ሰፈር ባለው ደብር ደግሞ የዕድሜ እኩያው ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ የተረፈውን ይዞ ወንበሩን ያወጣል።