ጣዝማና የመስኩ ዕጣ

የኢትዮጵያ የማር ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በግብርነት ወደ ቤተ መንግሥት ይገባ የነበረው ማርና ከእርሱ የሚጣለው ጠጅ ነው። ይሁንና ቀፎ ሳይሰቀልለት በመሬት ሆድ ውስጥ የሚዘጋጅ ሌላ ማር አለ፤ እርሱም ለግብዣ ሳይሆን ለሳል፣ ለሆድ ሕመምና ለቁስል መድኃኒትነት ሲፈለግ የኖረው የጣዝማ ማር ነው።

ጣዝማ ከማር ንብ ያነሰች፣ የማትናደፍ የዱር ንብ ናት። በ1879 እ.ኤ.አ. ጣልያናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ግሪቦዶ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጣት፣ ስሙ በ1870 እ.ኤ.አ. ወደ ቦጎስ ምድር መጥቶ ለነበረው ለአገሩ ልጅ ለቤካሪ መታሰቢያ ሆነ። ገበሬውና እረኛው ግን ከዚያ አስቀድመው በራሳቸው ቋንቋ ያውቋት ነበር። ምስጥ ወይም ጉንዳን ትቶት በሄደ የመሬት ውስጥ ዋሻ ትሰፍራለች፤ ማሯንም ከሰምና ከዕፅዋት ሙጫ በሠራቻቸው ማድጋ መሰል ትንንሽ ዕቃዎች ታጠራቅማለች። መኖሪያዋን የሚያስታውቀው ከሣሩ ሥር ብቅ የሚል ጠባብ መግቢያ ብቻ ነው።

ማር ፈላጊው ይህን መግቢያ ሲያገኝ በዶማ ይቆፍራል። የማር ንብ ጎጆዋ ቢፈርስ ከአውራዋ ጋር በርራ ሌላ ስፍራ ትፈልጋለች። የጣዝማ አውራ ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚከብድ መብረር አትችልም፤ በመሆኑም የጎጆው መፍረስ አብዛኛውን ጊዜ የመንጋው ፍጻሜ ይሆናል። አዲስ መንጋም የሚቋቋመው ከእናት ጎጆው ሰምና ማር እያመላለሰ ስለሆነ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከአንድ መስክ የጠፋች ጣዝማ በቀላሉ አትመለስም።

መስኩም ራሱ ጠቧል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 53 ሚሊዮን ያህል የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በደጋው አገር የወል ግጦሹ እየታረሰ፣ ከፊሉም ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ሄደ። ሞፈር በገባበት ሁሉ የጎጆው መግቢያ ይደፈናል፤ በሣሩ መካከል የሚያብቡት እንደ ማገጥ ያሉ ዕፅዋትም ይጠፋሉ። ማሩ ብርቅ በሆነ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው በተወደደ ቁጥር ደግሞ ቆፋሪው ይበዛል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። በኬንያ በካካሜጋ ደን ዙሪያ ገበሬዎች የማይናደፉ ንቦችን በእንጨት ቀፎ ያረባሉ፤ በኢትዮጵያም ጣዝማን ከነአውራዋ በጥንቃቄ አውጥቶ በቀፎ የማኖር ሙከራ ተደርጓል። ሆኖም ቀፎ ያለ መስክ አይበቃም። አባቶች መድኃኒት ያገኙባት ይህች ንብ ለልጆች ስሟ ብቻ እንዳይቀር፣ ቆፋሪው ለአውራዋ፣ መንደሩም ለወል ግጦሹ ሊራሩ ይገባል።