አንድ አውሮፕላን፣ ሁለት ፊርማ፦ የጥገና ቴክኒሺያኖች የሙያ ፈቃድ ታሪክ

ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ትናንት ወታደር ያመላልስ የነበረው አውሮፕላን በማግሥቱ መንገደኛ ጫነ። ሞተሩ ያው ነው፤ ብሎኑም ያው ነው። የተለወጠው «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው ሰው የሥልጣን ምንጭ ነው።

ልዩነቱ በሕግ የታወቀ ነው። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 3 ለሲቪል አውሮፕላኖች ብቻ እንደሚያገለግል፣ የጦር ኃይል፣ የጉምሩክና የፖሊስ አውሮፕላኖችን እንደማይመለከት ይደነግጋል። ስለ ሙያተኞች ፈቃድ የሚናገረው አባሪ 1 በ1948 ሲጸድቅም ወታደሩ ከአጥሩ ውጭ ነበር። አሜሪካ ቀደም ብላ፣ በ1926ቱ የአየር ንግድ ሕግ መሠረት፣ ከ1927 ጀምሮ ለመካኒኮች ፈቃድ ትሰጥ ነበር። (በ1903 የራይት ወንድማማቾችን ሞተር የሠራው ቻርልስ ቴይለር ፈቃድ የሚጠይቀው አካል አልነበረም!)

ወታደራዊ ጥገና ልል ነው የሚል ግምት ከተማሪዎቼ እሰማለሁ፤ በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ስሕተት ነው። ወታደሩ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ብዙ ጊዜም በሃይድሮሊኩ ወይም በሞተሩ ብቻ፣ ጠልቆ ይሠለጥናል። የመፈረም ሥልጣን የሚሰጠው ግን ክፍሉ ነው፤ ክፍሉን ሲለቅ ሥልጣኑ እዚያው ይቀራል። የሲቪሉ ፈቃድ የግለሰቡ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይዞት ይዘዋወራል። በምትኩ የዕውቀት ስፋት ይጠየቃል። በአሜሪካ ደንብ ለአውሮፕላን አካል ወይም ለሞተር ለየብቻ 18 ወር፣ ለሁለቱም 30 ወር የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተና ይከተላል። ዕድሜውን በጄት ተዋጊ ላይ የፈጀ ሰው ስለ ፒስተን ሞተርና ስለ ጨርቅ ልባስ ማጥናት አለበት።

ደንቡ የውትድርና ልምድን ይቆጥራል፤ ማዕረግን አይቆጥርም። ልምዱም በሰነድ መረጋገጥ አለበት። እኔን እንደ ታሪክ አጥኚ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሠራዊት ሲፈርስ ሰነድም ይበተናልና። በ1991፣ በእኛ በ1983፣ ሠራዊቱ ሲበተን የአየር ኃይል ቴክኒሺያን የነበረ አንድ ዘመዴ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ያለ አንዳች የሥልጠና ወረቀት ነበር። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ የሚመሰክርለት ፊርማ ግን የለም። ፈቃድ ባለው፣ በዕድሜ ልጁ በሚሆን መካኒክ ሥር ረዳት ሆኖ 30ውን ወር እንደ አዲስ ቆጠረ። ፈቃዱን ሲቀበል ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።