ስለ ጠላ ታሪክና ስለ አጠማመቁ አጭር ማስታወሻ



ይህችን አጭር ጽሑፍ ለዓመታዊው መጽሔታችን እንዳቀርብ ያነሣሣኝ የዕድሩ የዕቃ መዝገብ ነው። ባለፈው ዓመት ንብረት ሲቆጠር እንዳግዝ ተጠይቄ አሮጌውን መዝገብ ገለጥሁ። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መዝገብ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በመጀመሪያው ገጽ «ጋን 4፣ እንስራ 6» ይላል። ጥቂት ገጾች አልፎ አንዱ ጋን «በመሰበሩ ተሠርዟል» ተብሏል፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። በመጨረሻው ገጽ ጋን የሚባል የለም፤ የቢራ ብርጭቆ ግን ሞልቶናል።

ጋኑስ ሸክላ ነው፣ ይሰበራል። እኔን ያሳሰበኝ፣ ጋኑን ይሞሉት የነበሩት እናቶች ዕውቀት በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? የሚለው ነው። በየትኛውም አልተጻፈም። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ ታሪኩ፣ ቀጥሎ ስለ አጠማመቁ የማውቀውን አቀርባለሁ።

ጠላ የትናንት መጠጥ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በግዕዝና በግሪክ ቋንቋ ያስጻፈው ድንጋይ ዛሬም በአክሱም አለ። በዚህ ድንጋይ ላይ፣ ድል የሆኑት 6 የቤጃ አለቆች ከነሕዝባቸው ወደ ሌላ አገር ሲወሰዱ በመንገድ ዳቦና ሥጋ እየበሉ፣ ጠላ፣ ወይንና ውሃ እስኪጠግቡ እየጠጡ እንደ ተጓዙ ተጽፏል። ከ4 ሺህ ሰው በላይ ነበሩ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያጠግብ ጠላ የጠመቀው ማን ነው? ድንጋዩ የንጉሡን ስም ይነግረናል እንጂ የጠማቂዎቹን ስም አይነግረንም። ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው።

በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ፣ በአማርኛ ጠላ ይባላል። ደጋው በገብስ፣ ቆላው በማሽላና በዳጉሳ ይጠምቃል። ጎንደር ኮረፌ አለው። ያልጠለለው ጉሽ፣ መጀመሪያው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ነው። በከተማም በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ «እዚህ ጠላ አለ» ማለት ነው። ከዚያች ጣሳ ሥር ስንቷ እናት ልጆቿን አሳድጋለች፣ አስተምራለች!

ቢራ ግን ለአገራችን አዲስ ነው። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ ኋላም እንደገና ወደ ግል ዞረ። ሁለቱ መጠጦች ግን ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱም ብቅል አለ። ፈረንጆች ለምሬቱ ሆፕ የሚባል አበባ ሲጠቀሙ፣ እኛ ጌሾ እንጠቀማለን።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ባለቤቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች። በዕድራችን ስንት ተዝካር ላይ የእሷን ጠላ ጠጥታችኋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን «ና ቁጭ በልና ጻፈው፣ እኔ ልንገርህ» አለችኝ። እኔም «ይህ የሴት ሥራ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» ብዬ ተውሁት። የሰው ደብዳቤ ሁሉ ስመዘግብ የኖርሁ ሰው የቤቴን ሳልመዘግብ ቀረሁ። እሷ ካረፈች እነሆ ሦስት ዓመት ሆነ። ለሙት ዓመቷ ቢራ በሳጥን ገዛን። እንግዶች ጠጥተው አመሰገኑ፤ እኔ ግን በጓዳ ያለውን ባዶ እንስራዋን እያየሁ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ራሴ ልጥመቅ ብዬ ተነሣሁ። ልጆቼ ሳቁብኝ። የመጀመሪያው ኮምጣጤ ሆኖ ተደፋ። ከዕድራችን አረጋውያት አንዷን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እንስራውን አጥነኸዋል ወይ?» አሉኝ። በሳሙና አጥቤዋለሁ አልሁ። «ሳሙናማ ይሸታል እንጂ ጠላ አያደርግም» ብለው ሳቁና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለ20 ሊትር ያህል ነው።

አንደኛ፣ ብቅል። ገብሱ አንድ ቀን ተነክሮ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ሲያጎነቁል በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። አንድ ኪሎ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዕቃው። እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ጠላውን ከሚያበላሽ ተሐዋስ ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ጥንስስ። ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያም ብቅሉና የተቆራረሰ ቂጣ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

አራተኛ፣ ድፍድፍ። አራት ኪሎ ያህል የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በውሃ ርሶ፣ በምጣድ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። ሲበርድ ከጥቂት የጌሾ እንጨት ጋር በጥንስሱ ላይ ይጨመርና አፉ ተከድኖ አምስት ቀን ያህል ይተዋል። በትኩስነቱ የጨመረ ሰው እርሾውን ይገድለዋል።

አምስተኛ፣ ውሃ ተሞልቶበት አፉ በደንብ ይታሸጋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጠልሎ ይቀዳል።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፣ ጌሾውም ምሬት ይሰጣል፣ እንዳይበላሽም ያግዛል። እናቶቻችን ይህን በትምህርት ቤት ሳይሆን በእጃቸው አወቁት።

ሁለተኛው ጠላዬ ተጠጣ። እኒያ እናት ቀምሰው፣ «የእሷን አያህልም፣ ግን ጠላ ነው» አሉ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር ወረቀት የለም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባዔው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዕድሩ አንድ ጋን ገዝቶ በመዝገብ ያስገባ። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያሉ እናቶቻችን የየአገራቸውን አጠማመቅ ይንገሩን፣ እኔ በነጻ እጽፋለሁ። አልኮል ለማይጠጡ አባሎቻችንም የቀሪቦ አሠራር አብሮ ይጻፍ። ወጣቶችም፣ ወንድ ሴት ሳትሉ፣ በትንሽ ዕቃ ጀምሩ፤ ቢበላሽ ትምህርት ነው።

አባቶች «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» ይላሉ። እኔ ምንቸቱ ነኝ። የቀሩት ጋኖች ሳያልቁ ግን እንጠይቃቸው። ለሥህተቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቆየነው ጤናን ይስጠን።