ኢጃዛ፣ ምስክርና ዲግሪ

ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሸዋ ሮቢት አይደርስም። ደጋው ከኋላው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል፤ ከፊቱ የይፋት ቆላ ይዘረጋል። ስለ ትምህርት ማዕረጎች ታሪክ ለመጻፍ ይህን ስፍራ መነሻ ማድረጌ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቱ አንድ ቅጽ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ቆላ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተራ ስጠብቅ ከፊቴ አንድ አረጋዊ ሼህ ነበሩ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ በአክብሮት ጠየቃቸው። «አባቴ፣ የትምህርት ደረጃዎ?» ሼሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኪታብ ያቀሩ ሰው ነበሩና ፊቅሁን ከማን፣ ነህውን ከማን፣ ተፍሲሩን ከማን እንደ ቀሩ፣ እነዚያም መምህራን በተራቸው ከማን እንደ ቀሩ ይዘረዝሩ ጀመር። ወጣቱ ቅጹን አገላበጠ፤ ቦታ አጣለት። በመጨረሻ «ማንበብና መጻፍ የሚችል» በሚለው ትይዩ ምልክት አደረገ። ሼሁ ፈገግ ብለው «እሱስ አይጠፋኝም፣ ልጄ» አሉ።

ይፋት ለዕውቀት ማዕረግ እንግዳ አገር አይደለም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች የአስበሪን፣ የመሳልንና የኖራን ፍርስራሽ ከነመስጊዶቹ አጥንተዋል። የመካከለኛው ዘመን ዐረብ ጸሐፍት ከይፋት እስከ ዘይላዕ ያለውን የሙስሊሞች አገር «ጀበርት» ይሉት ነበር። በካይሮው አል አዝሃር መስጊድ ከዚህ ወገን የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍልም «ሪዋቅ አል ጀበርት» ይባል ነበር። ከታላላቆቹ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዚሁ ሪዋቅ ልጅ ነው። ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት አገር ተነሥተው በጅዳና በመካ በኩል ካይሮ እንደ ገቡ፣ የሪዋቁም ሼህ እንደ ሆኑ፣ ኀላፊነቱም በቤተሰቡ እጅ እንደ ቆየ ራሱ ጽፏል። አባቱ ሐሰን አል ጀበርቲ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ስማቸው የገነነ ሊቅ ነበሩ።

የዚያ ዘመን ተማሪ ከትምህርቱ ሲወጣ የሚይዘው ማስረጃ ኢጃዛ ነበር። ቃሉ «ፈቃድ» ማለት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው መስጊዱ ሳይሆን መምህሩ ነው፤ የሚሰጠውም ለዓመታት ቆይታ ሳይሆን ለተቀራው ኪታብ ነው። ይህን ኪታብ እኔ ከእገሌ ቀራሁ፣ እገሌም ከእገሌ፣ እያለ ወደ ኋላ እስከ ደራሲው ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ ያ አረጋዊ በጽሕፈት ቤቱ ስም በስም ላይ መደርደራቸው ወሬ ማብዛት አልነበረም፤ ዲግሪያቸውን ማንበባቸው ነበር።

አል አዝሃር ራሱ ተማሪን በተቋም ስም መፈተን የጀመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው ደንብ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት የሚሰጥ ፈተናን ደነገገ፤ ያለፈውም «ዓሊሚያ» የሚባል ማዕረግ ተቀበለ።

ደጋው ላይ ያለው የቤተ ክህነት ትምህርት ሌላ መንገድ ይዟል። እዚያ ሊቁ «ያስመሰክራል»፤ ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፣ ቅዳሴን በሰለልኩላ። የደብሩ ስም ከመምህሩ ስም እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ ይከብዳል። በኢጃዛና በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መካከል ያለ ሥርዓት ነው ለማለት እደፍራለሁ።

የአውሮፓውም ዲግሪ ሲጀመር ፈቃድ ነበር፤ በላቲን «ሊሴንሲያ ዶሴንዲ»፣ የማስተማር ፈቃድ። ፈረንሳዮች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ዛሬም «ሊሳንስ» ይሉታል። ጆርጅ መቅዲሲ የተባሉት ምሁር የአውሮፓው ፈቃድ ከኢጃዛ የተወረሰ ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ሁሉም አልተቀበሏቸውም። ውርስም ይሁን መገጣጠም፣ ስሙ ከአገር አገር ሲሻገር ክብደቱን ይለውጣል። በእንግሊዝ ባችለር አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት ያልቃል። በጥንታውያኑ የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ማስተር ኦቭ አርትስ» ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ደግሞ ባችለሩን የያዘ ሰው ዓመታት ሲቆጠሩለት ያለ ተጨማሪ ፈተና ማስተር ይባላል። ኢጣሊያዊው ላውሬያውን እንደ ያዘ «ዶቶሬ» ተብሎ ይጠራል። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችን ይዘውት የመጡት «ካንዲዳት ናውክ» እዚያ ከ«ዶክተር ናውክ» በታች የነበረ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ግን ከፒኤችዲ ጋር ይነጻጸራል።

በእኛም አገር መለኪያው ጸንቶ አልቆመም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአራት ዓመት ሲሰጥ የኖረው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1990ዎቹ ለብዙዎቹ የትምህርት ዓይነቶች ሦስት ዓመት ሆነ፤ ኋላም ወደ አራት ተመለሰ። ሦስቱም አራቱም በቅጹ ላይ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያህል መተጣጠፍ የሚችል ቅጽ ለሠላሳ ዓመት ቂርአት አንዲት መስመር መንፈጉ ነው የሚከነክነኝ።

አል አዝሃር እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ ሕግ እንደ ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ሲደራጅ የድሮ ቃላቱን አልጣለም፤ ዶክትሬቱን «ዓለሚያ»፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን «ኢጃዛ ዓሊያ» አለው። አንድ የይፋት ደረሳ ፊቅሁን በመንደሩ ከሼሁ ቀርቶ፣ ካይሮ ተሻግሮ፣ ይህን ወረቀት ይዞ ሸዋ ሮቢት ቢመለስ፣ ያ ወጣት ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ «የመጀመሪያ ዲግሪ» በሚለው ትይዩ ምልክት ያደርግለታል። መምህሩ በዚያው ቅጽ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ።