የሜኑ እንግሊዝኛ በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች የሚነገሩት ባዕድ ቃላት የአንድ ዘመን አይደሉም። ሻይ፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሹካና ሂሳብ የዓረብኛ ናቸው። ሲኒም ከዚያው ነው፤ ፍቺው «የቻይና» ሲሆን ዕቃው መጀመሪያ የተሠራበትን አገር ያስታውሳል። ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረ ነጋዴ ዕቃውን ያመጣው ከነስሙ ነው።

ጣልያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። አምስት ዓመት ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተሸንፎ ደሴን ለቀቀ። በመካከሉ ኮምቦልቻን ከአሰብ ወደብ የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ፤ የደሴው ፒያሳም እስከ ዛሬ የሚጠራው በጣልያንኛ ነው። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ቢራና ከረሜላ የዚያው ቋንቋ ቃላት ናቸው። ፉርኖ በጣልያንኛ ምድጃው ነው፤ አማርኛ ግን ስሙን ለዳቦውና ለዱቄቱ ሰጠው። ማኪያቶ ደግሞ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው፤ ቡናው ላይ ጠብ የምትለዋን ወተት ያየ ሰው ያወጣው ስም ይመስላል።

እንግሊዝኛ ግን በወጥ ቤት በኩል አልመጣም፤ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። ከነጻነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠት ጀመረ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ደሴም ደርሰው አስተምረዋል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ ያነበበውን ቃል ሜኑ ላይ ሲያገኘው ሁለተኛ ትምህርት ይሆንለታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ሥጋ ነው። አማርኛ «የበሬ ሥጋ»፣ «የበግ ሥጋ» ብሎ ይገላገላል። እንግሊዝኛ ግን በሬውን «ኦክስ»፣ ሥጋውን «ቢፍ»፤ በጉን «ሺፕ»፣ ሥጋውን «መተን» ይላል። ምክንያቱ በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን መውረራቸው ነው፤ የገበታው ቃል ከገዢዎቹ ፈረንሳይኛ መጣ፣ የበረቱ ቃል የገበሬው እንደሆነ ቀረ። ጣልያን ወሎ ላይ ካደረገው ብዙ አይርቅም። የግልገሉን ሥጋ «ላምብ» ሲሉት ደግሞ መጨረሻው ፊደል ጽሑፍ ላይ እንጂ አፍ ላይ የለም። «ቢ»ውን በ«ፒ» የለወጠ ሜኑ ጸሐፊ ለእንግዳው «የመብራት ጥብስ» ያቀርብለታል።

ከቃሉ ይልቅ ሰዋስው ይከብዳል። ደሴ ላይ «ሁለት ሻይ» ብሎ ማዘዝ ትክክል ነው፤ በአማርኛ ቁጥሩ ካለ ስሙ የብዙ ቁጥር ምልክት አያስፈልገውም። መማሪያ መጽሐፉ ደግሞ ሻይ የማይቆጠር ስም ስለሆነ «ሁለት ሲኒ ሻይ» ማለት ያሻል ይላል። የለንደን አስተናጋጅ ፊት ግን «ቱ ቲስ» ማለት ምንም ነውር የለበትም። መጽሐፉን የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

አክብሮትም እንደዚሁ ነው። አማርኛ ትሕትናውን በግሱ ውስጥ ይሸከማል፦ «ያምጡልኝ» ሲባል «አንቱ» መባሉ ተሰምቷል። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ትሕትናውን ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ ያሳያል፤ «ኩድ አይ ሃቭ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ነው። «እህቴ፣ አንድ ማኪያቶ ስጪኝ» የሚለው ለደሴ ጆሮ ወዳጅነት ነው፤ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ግልምጫ ይመስላል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ከከፈተ፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች ከሌላ አካባቢ የሚመጣ እንግዳ በዝቶባቸዋል። ሜኑው ላይም በርገር «ኖርማል» እና «ስፔሻል» ተብሎ ይታዘዛል፤ ፉልም ሳይቀር «ስፔሻል» አለው፤ የዓረብኛ ስም በእንግሊዝኛ ቅጽል። ጤፍና እንጀራ በበኩላቸው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብተዋል፤ ሽሮም በእንግሊዝኛው ሜኑ ላይ የሚጻፈው ሽሮ ተብሎ ነው።