የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያዎች የሙያ ኃላፊነት መድን፤ ምንነቱና አሠራሩ

የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን በአቅራቢያዋ የያዘች ጥንታዊት ከተማ ናት። ዛሬ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና የባለ ፎቅ ሕንፃዎች ይገኛሉ። እነዚህ ግንባታዎች ከመሠራታቸው በፊት በወረቀት ላይ የሚነድፏቸው አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ናቸው። ንድፉ ስሕተት ቢኖርበትና ሕንፃው ቢሰነጠቅ ወይም ቢፈርስ ጉዳቱን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ የባለሙያውንም የባለንብረቱንም ኑሮ የሚነካ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ የኢንሹራንስ ዓይነት ነው።

የመሬቱ ጠባይና የዲዛይን ስሕተት

የደቡብ ጎንደር መልክዓ ምድር ለዲዛይን ባለሙያ ቀላል አይደለም። ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ ጣና ሐይቅ እየወረደ የሚሄድ ሲሆን፣ በደጋው ተዳፋት፣ በዝቅተኛው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ጥቁር የመረሬ አፈር ይበዛዋል። የመረሬ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በቂ ጥልቀትና ጥንካሬ የሌለው መሠረት በዚህ አፈር ላይ ካረፈ እንቅስቃሴው ወደ ግድግዳውና ወደ ወለሉ ይተላለፋል። በተጨማሪም የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁ የወለል ከፍታና የውኃ መውረጃ ዲዛይን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በተዳፋቱ የደብረ ታቦር መሬት ላይ የሚሠራ የድጋፍ ግንብም የአፈሩን ግፊትና የሚጠራቀመውን ውኃ ያላገናዘበ ከሆነ ጎረቤትን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል።

በመሆኑም የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ከሌላ ቦታ የተወሰደን ፕላን አስተካክሎ ማቅረብ ወጪ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ ለካሳ ጥያቄ በር ከሚከፍቱ አሠራሮች አንዱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 አንድ ሰው ሙያውን ሲሠራ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበትና በጥንቃቄ ጉድለት ወይም በቸልተኝነት ግዴታውን ቢጥስ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ኃላፊነቱ ሥራው በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት የሚደርስን ጉዳትም ይጨምራል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም።

የአንቀጽ 3039 ግዴታ በቀጥታ የተጫነው በሥራ ተቋራጩ ላይ ቢሆንም ለዲዛይን ባለሙያው ባዕድ አይደለም። ተቋራጩ ካሳ ሲጠየቅ «እኔ የሠራሁት በተሰጠኝ ፕላን መሠረት ነው» በማለት ጣቱን ወደ ነዳፊው ማዞሩ የተለመደ ነው። በአንቀጽ 2077 መሠረት ደግሞ ሕንፃው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚሆነው ባለቤቱ ሲሆን፣ እርሱም በተራው ያወጣውን ገንዘብ ከጥፋተኛው ለማስመለስ ይሻል።

የ10 ዓመቱ የዋስትና ሐሳብ ከፈረንሳይ የሕግ ሥርዓት ጋር ዝምድና አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ እንደነበሩ ይታወቃል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ የአርክቴክቶችና የሌሎች ገንቢዎች የ10 ዓመት ኃላፊነት በመድን እንዲሸፈን ግዴታ አድርጋለች።

በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚል በሦስት ምድብ የከፈለ ሲሆን፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች በምድብ «ሐ» ተካተዋል። አዋጁ የተመዘገቡ ባለሙያዎችንና የሥራ ተቋራጮችን ግዴታ ለይቶ አስቀምጧል። ባለሙያው ለሚሠራው ምድብ በጊዜው በሥራ ላይ ያለው ሕግ የሚጠይቀውን የመድን ማስረጃ ከከተማው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

መድኑ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

የሙያ ኃላፊነት መድን ባለሙያው በስሌት፣ በንድፍ፣ በዝርዝር መግለጫ ወይም በግንባታ ቁጥጥር ሥራው ላይ በፈጸመው ስሕተት ምክንያት አሠሪው ወይም ሦስተኛ ወገን ለሚደርስበት ጉዳት በሕግ የሚጠየቀውን ካሳ ይሸፍናል። እንደ ውሉ ይዘት የጠበቃና የክርክር ወጪንም ሊጨምር ይችላል።

በአንጻሩ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ ማጭበርበር፣ የወንጀልና የአስተዳደር መቀጮ፣ መድን ከመገባቱ በፊት ባለሙያው ያውቀው የነበረ ስሕተት እንዲሁም በጦርነት የሚደርስ ጉዳት በተለመደው አሠራር ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። በቢሮው ሠራተኞች ላይ በሥራ ምክንያት የሚደርስ ጉዳትም ራሱን የቻለ ሌላ መድን ያስፈልገዋል።

ይህ መድን ከሌሎች የግንባታ ዋስትናዎች ጋር ሊምታታ አይገባም። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ተቋራጩ ውሉን ካልፈጸመ ለአሠሪው የሚከፈል መያዣ ነው። የሥራ ተቋራጮች መድን በግንባታ ላይ ያለውን ሥራና ዕቃ ከድንገተኛ አደጋ የሚጠብቅ ሲሆን፣ የተሳሳተውን ዲዛይን ራሱን የማስተካከያ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ባለንብረቱ «ተቋራጩ መድን አለው» በሚል ብቻ የነዳፊውን ስሕተት እንደተሸፈነ መቁጠሩ ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

አሠራሩ በምሳሌ

ለምሳሌ ያህል አንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ ለአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ዲዛይን 180 ሺህ ብር ተቀበለ እንበል። መሠረቱ የአፈሩን ጠባይ ያላገናዘበ በመሆኑ ሕንፃው በአራተኛው ዓመት ተሰነጠቀ፤ የማስተካከያ ወጪውም 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ሆነ። ባለሙያው የካሳ ጣሪያው 3 ሚሊዮን ብር የሆነ መድን ካለውና ከእያንዳንዱ ካሳ 10 በመቶውን ራሱ የሚሸፍን ከሆነ፣ ከኪሱ የሚከፍለው 240 ሺህ ብር ሲሆን ቀሪውን 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር መድን ሰጪው ይከፍላል። መድን ከሌለውና ቢሮውን በግል ስሙ የሚያስተዳድር ከሆነ ግን የመኖሪያ ቤቱና የቤተሰቡ ጥሪት ሳይቀር ለዕዳው መክፈያ ሊውል ይችላል። ባለሙያው ጥሪት ከሌለው ደግሞ ባለንብረቱ ፍርድ ቤት ቢረታም የሚያስፈጽምበት ሀብት አያገኝም። ከዚህ አንጻር መድኑ የሚጠብቀው ሁለቱንም ወገኖች ነው።

ሽፋኑ እንዳይቋረጥ

በዚህ መድን ውስጥ ብዙዎች ልብ የማይሉት ነጥብ የጊዜው ጉዳይ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን በአብዛኛው የሚሠራው ስሕተቱ በተፈጸመበት ዓመት በነበረው ውል ሳይሆን የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ጸንቶ ባለው ውል መሠረት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ባለሙያው ዲዛይኑን በሠራበት ዓመት መድን ቢኖረውም፣ በአራተኛው ዓመት ሳያድሰው ቢቀር ሽፋን አይኖረውም። ከዚህም ሌላ ውሉ ወደ ኋላ የሚሸፍንበት መነሻ ቀን ስለሚኖረው፣ መድን ሰጪ ድርጅት የሚቀይር ባለሙያ አዲሱ ውል የቀድሞ ሥራዎቹን እንዲያካትት መጠየቅ አለበት። ሥራ የሚያቆም ወይም ጡረታ የሚወጣ ባለሙያም ለቀድሞ ሥራዎቹ የሚያገለግል የማራዘሚያ ሽፋን ሊያስፈልገው ይችላል።

የካሳ ጣሪያውም በየእድሳቱ ሊመረመር ይገባል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲጨምር የማስተካከያ ወጪው አብሮ ስለሚጨምር፣ ከዓመታት በፊት በቂ የነበረ ጣሪያ ዛሬ ግማሹን እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

መድን ለመግባት

የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ዘርፉ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየ ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ለአገር ውስጥ የግል ባለሀብቶች ክፍት አድርጎታል። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

አመልካቹ በሚሞላው የሐሳብ ማቅረቢያ ቅጽ ላይ የባለሙያዎቹን የትምህርት ደረጃና የሙያ ምዝገባ፣ የሥራዎቹን ዓይነት፣ ዓመታዊ ገቢውንና ቀደም ሲል የቀረቡበትን የካሳ ጥያቄዎች ይገልጻል። አረቦኑም በእነዚህና በካሳ ጣሪያው መጠን ይወሰናል። እውነቱን መደበቅ ወይም አዛብቶ መግለጽ በንግድ ሕጉ የኢንሹራንስ ድንጋጌዎች መሠረት ውሉን ዋጋ ሊያሳጣ ስለሚችል ቅጹን በጥንቃቄ መሙላት ያስፈልጋል።

ስንጥቅ የታየበት ሕንፃ ወይም የቅሬታ ደብዳቤ ሲያጋጥም ባለሙያው ወዲያውኑ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ መድን ሰጪው ሳያውቅም ጥፋቱን ከማመንና ካሳ ለመክፈል ቃል ከመግባት መቆጠብ ይኖርበታል። የአፈር ምርመራ ውጤት፣ የስሌት ሰነድ፣ የጸደቀ ፕላን፣ የቁጥጥር መዝገብና ባለንብረቱ ያዘዛቸው ለውጦች የጽሑፍ ማስረጃ ቢያንስ ለ10 ዓመት ተጠብቀው ሊቀመጡ ይገባል። እነዚህ ሰነዶች በክርክር ጊዜ የባለሙያው ቀዳሚ መከላከያ ናቸው።

ባለንብረቶችም በበኩላቸው የዲዛይን ውል ከመፈረማቸው በፊት የባለሙያውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የመድን ውሉን የሚያበቃበትን ቀንና የካሳ ጣሪያውን ጠይቀው መመልከት ይገባቸዋል። ከዚህ ጋር የአፈር ምርመራ ወጪን ከበጀታቸው አለመቀነሳቸው፣ ካሳ የሚያስጠይቅ ጉዳት ከመድረሱ በፊት የሚወሰድ ዋነኛ የመከላከያ እርምጃ ነው።